ክፍል ማስለቀቅ

ዱፊየ በማለዳ ወደ ሳሎን ስትወጣ የባሏ ፎቶግራፍ ከግድግዳው ወርዶ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። በቦታው፣ ከመስኮቱ አንስቶ እስከ ጓዳው በር ድረስ፣ ሰፊ ወረቀት ተለጥፏል። ከላይ ቀኖች ተደርድረውበታል፤ ከጎን ሥራዎች ተጽፈውበታል፤ በመካከል አጭርና ረጅም መስመሮች ተጋድመዋል፤ አብዛኞቹ ሰማያዊ ናቸው፣ ጥቂቶቹ ቀይ። የባሏ የእህት ልጅ ኦፎሱ ትናንት ከአክራ ወደ ኩማሲ ሲመጣ በትከሻው ይዞት የገባው ጥቅል ይህ ኖሯል። እሷ ለእንግዶች የሚነጠፍ ምንጣፍ መስሏት ነበር። ወንበሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ስለቆመ፣ ሟቹ ንሶዋ የራሱን ቀብር እቅድ የሚያነብ ይመስላል። ዓይኑ ደካማ ነበርና ያለ መነጽር ምንም እንደማይታየው አሰበች። መነጽሩ እሷ ዘንድ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ጓዳ ገብታ ባልዲ ስታነሳ ኦፎሱና ታናሽ ወንድሙ ከበረንዳው ወደ ሳሎን ገቡ። መጋረጃው ወርዶ ስለነበር አላዩዋትም። ኦፎሱ አክራ ውስጥ ፎቅ ለሚሠራ ድርጅት የሥራ ቀን የሚያወጣ ኢንጂነር ነው፤ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ሳይከት ከክፍሉ አይወጣም። ታናሹ ቦአዱ እዚያው አክራ የስልክ ፕሮግራም የሚሠራ ቢሮ ተቀጥሯል፤ ለቀብሩ ቤቱን ሊያሳድስ ፈቃድ ወስዶ ከመጣ ሳምንት አልፎታል። እሱም የራሱ እቅድ አለው። የዕቃ ቤቱን በር በጠመኔ ሦስት ቦታ ከፍሎ «ያልተጀመረ»፣ «የተያዘ»፣ «ያለቀ» ብሎ ጽፎበታል። እያንዳንዱን ሥራ በቢጫ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ይለጥፋል፤ ሥራው ሲሄድ ወረቀቱን ያሻግረዋል። «የተያዘ» ውስጥ ከሦስት ወረቀት በላይ አይገባም። ከሦስቱ አንዱ ካላለቀ አዲስ ሥራ አይነካም።

«ይሄን የሕፃን ጨዋታ ከበሩ ላይ አንሳው» አለ ኦፎሱ። «ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ።»

«ጨዋታው ጣሪያውን ጨርሷል። ያንተ መስመር ገና ትናንት ነው ኩማሲ የገባው።»

«እሺ፣ ቀብሩ መቼ ነው?»

«ስንጨርስ።»

«ለሰው ስንጨርስ ብለህ ትጠራለህ? ድንኳን አከራዩ ቀን ይጠይቅሃል፣ ከበሮ መቺው ቀን ይጠይቅሃል፣ ሬሳ ቤቱ ደግሞ ሳይጠይቅህ ያስከፍልሃል። እኔ የጀመርኩት ከመጨረሻው ነው። ቅዳሜ ቀብር አልኩ። ከዚያ በፊት ምን ማለቅ አለበት? ከሱ በፊትስ? እንዲህ እያልኩ ወደ ኋላ ነው የመጣሁት።»

«ቀለም ቀቢው ሳይመጣ ሲቀርስ? ዝናብ ሲጥልስ? አንዷ መስመር ስትዛነፍ ሁሉም አብረው ይዛነፋሉ። የኔ ወረቀት ሠራተኛ ካለው ይሄዳል፣ ከሌለው ይቆማል። ቢያንስ አይዋሽም።» ቦአዱ ሰንጠረዡን ማየት ጀመረ። «ቀዩ ምንድን ነው?»

«ቀዩ ቀን የማይታለፍበት ነው። አንድ ቀን ቢዘገይ ቀብሩን አንድ ቀን ያዘገየዋል።»

«የመጀመሪያው ቀይ የቱ ነው?»

«ሰኞ። የእትዬ ዱፊየን ክፍል ማስለቀቅ።»

ዱፊየ ባልዲውን ድምፅ ሳታሰማ መሬት አስቀመጠች። ኦፎሱ ሲያስረዳ ሰማች። ከሃምቡርግ የሚመጡት ዘመዶች የራሱ መታጠቢያ ያለው ክፍል ያስፈልጋቸዋል፤ ያለው አንድ ክፍል የእሷ ነው፤ ለዚያ ቀለም ቀቢ፣ ከዚያ ሴራሚክ አንጣፊ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተራ በተራ ሊገቡበት ነው፤ ስለዚህ ሰኞ ባዶ መሆን አለበት። ቦአዱ «እሷስ?» አለ። ኦፎሱ ጉሮሮውን ጠረገና «እሱ የሌላ ጊዜ ወሬ ነው፣ እዚህ ውስጥ የለም» አለ። ከውጭ የጎረቤት ሬዲዮ የሟቾች ስም እየጠራ ነበር።

ቤቱ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። የሠራው ንሶዋ ነው፤ በአገሩ ደንብ ውርስ በእናት በኩል ይሄዳል፣ ንሶዋም የእናቱ ወገን ነው፤ ከእሱ በኋላ ቤቱ ለእህቱ ልጅ ለኦፎሱ ይሆናል። ዱፊየ ለብሎኬቱ ውሃ እንደተሸከመች ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይክደውም፣ ማንም አያነሳውም። እሷ የጠበቀችው ከቀብሩ በኋላ እንደ ደንቡ ጥቁር ለብሳ አንድ ዓመት በባሏ ቤት መቀመጥን ነው። ሰው ሳይቀበር፣ ዓመቱ ሳይጀመር፣ ያልቃል ብላ አልጠበቀችም። በቦአዱ በር ላይም የእሷ ክፍል ወረቀት አለ። ግን ከሁሉም በታች ነው፤ ከላዩ አጥሩ አለ፣ ሽንት ቤቱ አለ፣ የግቢው ሲሚንቶ አለ። «የተያዘ» የሚለው ሦስት ወረቀት እስከያዘ ድረስ ያ ወረቀት አይነሳም። ይህን ካወቀች ቀናት አልፈዋል።

ቁርስ ስታቀርብ ቦአዱ የበቆሎ ገንፎውን እያማሰለ ቀና ብሎ አያት። የአጎት ሚስት ለእህት ልጅም ሚስት ናትና፣ ሲቀልዳት ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ ነው የሚጠራት።

«ሚስቴ፣ ስኳር የለም?»

«ባል ስኳር ይዞ ነው የሚመጣው።»

«ደሞዝ ሲገባ። ለቀለም ቀቢው ግን ዛሬም ፉፉ አለ አይደል? በፉፉ አሰርሽው እኮ።»

ድስቱን አነሳች። ቦአዱ ፈገግ ብሎ ገንፎው ላይ አጎነበሰ። ኦፎሱ ምን እንደተባለ አልገባውም፤ ስልኩን እያየ ነበር። «እትዬ፣ እርስዎ ከሰዓት ስብሰባው ላይ መኖር አለብዎት» አላት። ከመጣ ጀምሮ «እርስዎ» ይላታል። ድሮ፣ ተማሪ ቤት ሲሄድ ጫማውን ስታስርለት፣ «አንቺ» ነበር የሚላት።

ስለ ፉፉው ቦአዱ ያለው እውነት ነው። ቀለም ቀቢው የመተላለፊያውን ግድግዳ ከያዘ ሳምንት ሆኖታል። ዱፊየ በየቀኑ ካሳቫና ፕላንቴን የሚባለውን የሚቀቀል ሙዝ ለፉፉው ወቅጣ፣ በፍየል ሥጋ መረቅ ሞልታ፣ ከቀትር በፊት ታቀርብለታለች። ሰውየው እጁን ታጥቦ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ማንጎው ጥላ ሥር ገብቶ ጀርባውን ሰጥቶ ይተኛል፤ ሲነሳ ብሩሹ ደርቋል። ወረቀቱ «የተያዘ» ላይ እንደተለጠፈ ያድራል። የፍየል ሥጋው ዋጋ ገበያ በሄደች ቁጥር ይጨምራል። እሷ ግን ማባከን አልመሰላትም። የክፍል ኪራይ መስሏት ነበር።

ዛሬም ወቀጠች፣ አቀረበች፣ ጥቁር ነጠላዋን አስተካክላ ትሮትሮ ተሳፈረች። ልጇ ፖኩዋ ከታኮራዲ ደውላ የአባቷን ሬሳ ሳጥን የሚሠራውን አናጺ ሄዳ እንድታየው ለምናታለች። ሚኒባሱ እንደ ወትሮው ጭኗን ከሌላ ሰው ጭን ጋር አጣብቆ ሄደ። ረዳቱ ስለ መልስ ከአንዲት ዓሣ ሻጭ ጋር ተጨቃጨቀ። ዓሣ ሻጯ «ሳንቲም የለኝም ትላለህ፣ ኪስህ እኮ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይጮሃል» አለችው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ዱፊየ አልሳቀችም። ሐዘንተኛ መሆኗን ልብሷ ስለሚናገር የታዘባት የለም።

አናጺው ከሱአሜ መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ነው የሚሠራው። የንሶዋ ሳጥን ገና ጣውላ ነው። ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ጠረኑ ደስ ይላል።

«አልጀመርክም» አለችው።

«ቀኑ የታለ? የሀዘን ማስታወቂያው ሲለጠፍ እጀምራለሁ። ባለቤት ያለው ሳጥን አልቆ ደጄ ላይ ሲቆም ገበያተኛ አይቀርበኝም። ሰው ሳጥን ሲገዛ እንኳን የሌላ ሰው ሞት ማየት አይወድም።»

«ሲጀመር ምን ያህል ይፈጃል?»

«ሳምንት ከቀናት። ቫርኒሹ ካልደረቀ እጅ ላይ ይለጠፋል፣ ያኔ ትሳደቢያለሽ። ምን ብለው ያዙት፣ እነዚያ ከአክራ የመጡት? እቅድ አላቸው ሲሉ ሰማሁ።»

ዱፊየ ልትመልስ አፏን ከፍታ ቆመች። ሰንጠረዡን በዓይኗ ከላይ እስከ ታች ሄደችበት፤ ድንኳን አለ፣ ወንበር አለ፣ ጂን መጠጥ አለ፣ ቄሱ አሉ፣ አምቡላንስ አለ። ከዚያ የቦአዱን በር ሄደችበት። በሁለቱም ላይ ሳጥን የለም። አልዘነጉትም፤ የእነሱ ሥራ ስላልሆነ አልጻፉትም። ለአባት ሳጥን የሚያመጡት ልጆቹ ናቸው፤ ልጆቹ የእሷ ወገን እንጂ የእነሱ ወገን አይደሉም። ወገኑ የወገኑን ሥራ ጻፈ፣ አበቃ። አናጺው ማስታወቂያው እስኪለጠፍ ይጠብቃል፤ ማስታወቂያ ለጣፊዎቹ ሳጥን የሚባል ነገር እቅዳቸው ውስጥ የለም።

ከዳሱ ወጥታ ለፖኩዋ ደወለች። ስለ ሰኞ ነገረቻት።

«እማዬ፣ ለሚስትና ለልጆች ሕግ አለ እኮ። ማንም ተነስቶ አያስወጣሽም።»

«ሕጉ ከአክራ የሚነሳው መቼ ነው?»

«አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም።»

«እንግዲያው ሳጥኑን እናዘግየዋለን። እኛ ካላመጣን በምን ይቀብሩታል? ወር ይቆይ፣ ሁለት ወር ይቆይ። ሰኞ ያሉት ሰኞ ይቅር። አንቺ ብቻ አላለቀም በይ።»

«እስቲ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ልጇ የተናገረችው እሷ ጣውላውን ስታይ ያሰበችውን ነው። ቃሉ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ሆነባት። በመመለሻው ትሮትሮ መስኮት ዳር ተቀምጣ ስለ ሬሳ ቤቱ አሰበች። አንዴ ሄዳለች። ጠባቂው መሳቢያውን ስቦ «ቶሎ በይ እናቴ፣ ቅዝቃዜው ይወጣል» አላት። የንሶዋ ቅንድብ ላይ ነጭ ነገር ነበር። ያ ሰው በሐርማታን ወራት፣ ደረቁ ነፋስ ከሰሜን ሲመጣ፣ ካልሲ አድርጎ የሚተኛ ነበር። እግሩ ሲበርደው በእንቅልፍ ልቡ የእሷን እግር ይፈልግ ነበር። ከዚያ በቀር ለብርድ ሌላ መድኃኒት አያውቅም። ለቀለም ቀቢው ያበላችው ፉፉ ሁሉ እዚያ መሳቢያ ላይ ቀን ሲጨምር ነበር። አስቀድማ አላሰበችውም ማለት አይቻልም። ማሰብ ስትጀምር ትነሳና መውቀጥ ትጀምር ነበር።

ቤት ስትደርስ ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀምጠዋል። የወገኑ አለቃ አባ ታዊያ ጥቁርና ቀይ የኬንቴ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሰንጠረዡን ፊት ለፊት ያዩታል። ማንጎው ሥር ቀለም ቀቢው ያንኮራፋል። ዱፊየ ጫማዋን አውልቃ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የባሏ ፎቶግራፍ ያለበትን ወንበር አንድ ሽማግሌ እንዲቀመጥበት ፈልገውት ስለነበር ፎቶግራፉ አሁን መሬት ላይ፣ ከጃንጥላዎች አጠገብ ነው።

አባ ታዊያ ለቀደሙት አባቶች ጂን መሬት ላይ ጠብ አድርገው ወንድማማቾቹን እንዲናገሩ ፈቀዱላቸው። ኦፎሱ በማስመሪያ እየጠቆመ ተናገረ፤ ጥሩ ተናጋሪ ነው። ቦአዱ ከዕቃ ቤቱ በር ጥቂት ወረቀቶች ነቅሎ በመዳፉ ላይ ዘርግቶ አሳየ። ሥራው እንዴት እንደሚሻገር፣ ለምን ከሦስት እንደማይበልጥ፣ ጣሪያው በዚህ መንገድ እንዴት ቶሎ እንዳለቀ አስረዳ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ዱፊየ ቦአዱ ሲናገር እጆቿን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር።

«ልጄ» አሉት አባ ታዊያ፣ «ያንተ ነገር ጥሩ ነው። ለቤት ጥሩ ነው፤ ቤት አይቸኩልም። ግን ነገ የአካባቢው ባላባት ቤት ሄጄ ቀን ስናገር ይሄን ቢጫ ወረቀት ነው የማሳያቸው?»

«መቼ እንደሚያልቅ ከፍጥነቱ መገመት ይቻላል፣ አባ።»

«ግምትማ እኔም አለኝ። አንተ የምትለው የትኛው ቅዳሜ ነው?» ብለው ወደ ኦፎሱ ዞሩ። ኦፎሱ በማስመሪያው ጠቆመ። ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። የሽማግሌዎቹ ራስ አንድ ጊዜ ወረደና ወጣ። ቦአዱ ወረቀቶቹን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። አለቀ። ዱፊየ በመስኮት በኩል ቀለም ቀቢውን አየችው፤ ከዚህ በኋላ ቢነቃም ባይነቃም ለውጥ የለውም።

አባ ታዊያ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «እንግዲህ ደንቡን እንጨርስ። የልጆቹ ወገን፣ ሳጥኑ እንዴት ነው?»

ሁሉም ወደ ሰንጠረዡ አየ፤ ኦፎሱም አየ። ማስመሪያው ከላይ ተነስቶ ወደ ታች ሄደ፣ መሬት ሊነካ ሲል ቆመ።

«እሱ የልጆቹ ሥራ ነው» አለ ኦፎሱ። «እኔ የኛን ነው ያወጣሁት።»

አንድ ሽማግሌ በአፍንጫቸው ሳቁ። «ታዲያ በኢንጂነር እቅድ ንሶዋ ቆሞ ነው የሚሄደው?»

«ዱፊየ» አሉ አባ ታዊያ፣ «ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ወር ብትል ወር ይሆናል። ሁለት ወር ብትል ማንም ሱአሜ ድረስ ሄዶ ጣውላ አይቆጥርም። ቦአዱ መሬት መሬቱን ያያል፤ የሚጠብቅ ይመስላል። እሷ ከጃንጥላዎቹ አጠገብ ያለውን ፎቶግራፍ አየች። ንሶዋ ያን ፎቶ የተነሳው ፎቶ አንሺው ቶሎ አልጨርስ ብሎት ተቆጥቶ ነው።

«አናጺው ቀን ሲነገረው ሳምንት ከቀናት ብሏል» አለች። «ለሦስተኛው ቅዳሜ ይደርሳል።»

ኦፎሱ በረጅሙ ተነፈሰ። ብዕር አውጥቶ ከታች አዲስ መስመር ሊጨምር ጎንበስ አለ።

«አባ» አለች ዱፊየ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሳጥኑ ብቻውን አይመጣም። የሚስት ስጦታም አለ፤ ጨርቁ፣ ትራሱ፣ ፎጣው። ይህ ሁሉ የሚሰበሰበው በሚስት ክፍል ነው፤ የቀብሩ ዋዜማ ለወገኑ የሚወጣውም ከዚያ ነው። ሰኞ ክፍሉ ባዶ ይሆናል ተብሎ ተጽፏል። እኔ ከየት ነው አውጥቼ የምሰጣችሁ? ከመንገድ?»

አባ ታዊያ ወደ ወረቀቱ ቀረብ ብለው ዓይናቸውን አጥበው የመጀመሪያውን ቀይ መስመር ፈለጉ። ሲያገኙት ብዙ ቆዩበት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለሃምቡርግ እንግዶች ነው» አለ ኦፎሱ። «ክፍሉ እንዲታደስ።»

«እንግዶቹ ሆቴል ይደሩ። ሚስት ባሏን ሳትሸኝ ክፍሏ ይለቀቅ ሲባል በኔ ዕድሜ አልሰማሁም። ከሰኞ ላይ አንሳው።»

ኦፎሱ ነጭ ቀለም አውጥቶ ቀዩን መስመር ደመሰሰ። ከዚያ፣ ማንም ሳያዘው፣ እጁ የለመደውን ሠራ። ሥራ ከአንድ ቀን ሲነሳ ሌላ ቀን ላይ መቀመጥ አለበት፤ ከቀብሩ ቀጥሎ ያለው ሰኞ ላይ ያንኑ መስመር በቀይ አሰመረ። ካሰመረ በኋላ ነው ሁሉም እጁን ሲያዩ እንደነበር ያስተዋለው።

«ከቀብሩ በኋላ እንግዶቹ ይሄዳሉ» አለ ቦአዱ ቀስ ብሎ። «ታዲያ ይሄ ለማን ነው?»

ኦፎሱ ጆሮው ቀላ። «መለቀቁ ለማንኛውም አይቀርም ብዬ ነው።»

«ስሙን አስተካክለው እንግዲያው» አለች ዱፊየ። «ክፍል ማስለቀቅ አትበለው። ክፍሉማ የትም አይሄድም። ዱፊየ ትወጣለች ብለህ ጻፍ። ሲመጡ የሚያነቡ ሰዎች ይግባቸው።»

የኦፎሱ ብዕር ከወረቀቱ ጫፍ ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ፤ አንዳቸውም ጻፍ አላሉትም፣ አንዳቸውም ተው አላሉትም። አባ ታዊያ ብርጭቋቸውን አንስተው ባዶ መሆኑን አይተው መልሰው አስቀመጡት። በመጨረሻ ኦፎሱ የብዕሩን ክዳን ገጠመው፣ ኪሱ ከተተው። መስመሩ ያለ ስም ቀረ። «ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን» አሉ አባ ታዊያ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ፤ ተነሡ፤ ሁሉም ጫማውን እየፈለገ ወጣ።

ፀሐይ ሳትገባ ለፖኩዋ ደውላ አናጺው እንዲጀምር ንገሪው አለቻት። ልጇ ለምን እንደሆነ ጠየቀች። «አባትሽ ይበርደዋል» አለችና ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ ፎቶግራፉን ከጃንጥላዎቹ መካከል አንስታ በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ክፍሏ ይዛው ገባች። ግድግዳው ላይ ቦታ የለውም። ኮሞዲኖው ላይ ብታቆመው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የክፈፉ አንድ ማዕዘን ድሮም የተነቀለ ነው።

ቦአዱ በሩን መታ አድርጎ ራሱን አስገባ።

«ሚስቴ፣ ይሄን ከበሩ ላይ ነቀልኩት። ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም።»

ቢጫ ቁራጭ ወረቀት ነበር፤ «የእትዬ ዱፊየ ክፍል» ይላል። ተቀብላ አየችው። ከዚያ በአራት አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ ከተነቀለው ማዕዘን ሥር አስገባችው። ንሶዋ ቀጥ ብሎ ቆመ። መሳቢያውን ከፍታ መነጽሩን አወጣችና ከፊቱ አስቀመጠችለት።